ጎዶሎና ጎዶሎ

ባሌን የገደለው የግራር ዱላ ነው። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አዳማ ባቡር ጣቢያ፣ የዕቃ መጋዘኑ በር ላይ። ሁለት አህያ ነጂዎች ማን አስቀድሞ ጭነቱን ያራግፍ በሚል ተያያዙ። ባሌ የመጋዘኑ ጸሐፊ ነበርና ሊገላግል መሀላቸው ገባ። ለሌላው የተሰነዘረው ዱላ የእሱን ጆሮ ግንድ አገኘው። ምሳውን ይዤለት እየደረስኩ ስለነበር ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ቅል ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ደሙ በአፍንጫውም በጆሮውም ወጥቶ በሐዲዱ ጠጠር መሀል ሰረገ። ደረቱን በጡጫ እየመታሁ "ተነሥ! ተነሥ እንጂ!" አልኩት። አልተነሣም።

ይህን ስጽፍ እጄ ይደክማል። አንድ ቀን የጀመርኩትን በሌላ ቀን እጨርሳለሁ።

እሱ ድሬዳዋ ከሚስዮኖች ዘንድ ሒሳብ የተማረ ሰው ነበር። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ዳዊት ደግሜአለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደጃችን ካለው ግራር ሥር ሰፌድ ላይ ባቄላ ዘርግተን እንሟገት ነበር። ሒሳብን ያስተማረኝ በችሎት ወግ ነው። እሱ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ፤ ታናሽ ወንድሙ በርጩማ ላይ ጉብ ብሎ ዳኛ።

"በይ ልበልሽ!" ይላል ባሌ ነጠላውን አጣፍቶ። "ለሁለት እኩል የሚከፈል ሙሉ ቁጥር ከመሰሉ ሲደመር ምንጊዜም ሙሉ ነው።"

"እማኝህን ጥራ።"

"አራትና ስድስት። ዐሥር ሆኑ።"

"እነሱ የዘመድ እማኞች ናቸው። ያልጠራኸው ስንት ቁጥር አለ! አንዱ ቢክድህስ? ሁሉን ዞረህ ታስምላለህ?"

ወንድሙ በሳቅ ይፈርሳል። "ረታችህ! የቄስ ልጅ አታግባ ብዬህ ነበር።"

ያን ጊዜ ባሌ እማኞቹን ያሰናብትና ባቄላውን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስቀምጣል። "ሙሉ ማለት ጥንድ ያጣ ፍሬ የማይገኝበት ክምር ነው። ይኸኛውም እንዲያ ነው፣ ያኛውም እንዲያ ነው። ስቀላቅላቸው አንዱንም ጥንድ አላፋታሁም። ታዲያ ብቸኛ ፍሬ ከየት ይመጣል?"

ከየትም አይመጣም። እረታለሁ። ጎዶሎና ጎዶሎም ሲደመሩ ሙሉ እንደሚሆኑ ያስረዳኝ በዚያው መንገድ ነው፤ ከየክምሩ አንድ አንድ ብቸኛ ይተርፋል፣ ሁለቱ ብቸኞች እርስ በርሳቸው ይጣመዳሉ።

በዚያ ዘመን ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ወገን ቢሻው በገደለበት መሣሪያ ይገድለዋል፣ ቢሻው ይምረዋል። የባሌ ወንድም ያንኑ ዱላ ይዞ ችሎት ከሚቀመጥበት ወርካ ሥር ቆመ። ዱላው ደም ደርቆበት ጠቁሯል። ገዳዩ እጁን የፊጥኝ ታስሮ መሬት ተቀምጧል። ሚስቱ አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ እግሬ ሥር ተደፍታለች። ዳኛው የሟች ሚስትም ቃሏን ሳትሰጥ አላስረክብም አሉ።

ወንድሙ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ ራሱ ያስተማረን ነው። ያንቺ ቤት ጎዶሎ ሆኗል። የዚህንም ቤት ጎዶሎ እናድርገው። ጎዶሎና ጎዶሎ ሙሉ ነው!"

"እውነት ነው!" አለ የተሰበሰበው ሰው።

እኔም እንዲሞት እፈልግ ነበር። ጥርሱ እየረገፈ፣ ምሕረት እየለመነ እንዲሞት። ነገር ግን ባሌ እሁድ እሁድ በባቄላ ያስረዳን ነገር ለመግደያ ሲጣመም መስማት አልቻልኩም። ሟቹ የተወልኝ ያንን ትምህርት ብቻ ነው።

"በላ ልበልሃ!" አልኩት።

ሰው ወደ እኔ ዞረ፤ ቀጠልኩ።

"ሁለቱ ብቸኞች በምን ተጣመዱ?"

"ክምሮቹ ተቀላቅለው ነዋ።"

"ይህችን ሴት ቤቴ ታስገባልኛለህ? ከኔ ጋር በአንድ ገበታ ትቀርባለች?"

"ጅብ ይብላት! የገዳይ ሚስት?"

"እንግዲያው ምን ደመርክ? አንድ ጎዶሎ እዚህ፣ አንድ ጎዶሎ እዚያ አስቀመጥክ። ወንድምህ እንዲህ ብሎ አላስተማረህም። ዳኛው አንተ ነበርክ፤ ሰምተሃል።"

ዱላውን አነሣ። በእኔ ላይ መስሎኝ ዐይኔን ጨፈንኩ። ያንኑ የቅል ድምፅ ሰማሁ፤ ስገልጥ የገዳዩ እግር ከጉልበቱ በታች ታጥፏል። ሰውየው እንደ በግ ይጮኻል። ወንድሙ ዱላውን ወርውሮ ከወርካው ግንድ ጋር ግንባሩን እያጋጨ አለቀሰ።

"ማርሽው?" አሉኝ ዳኛው።

"አልማርኩትም። ግን አትግደሉት።"

እግሩ ተጣሞ ገጠመ። በገበያ ቀን ሚስቱ ክንዱን ይዛ፣ እያነከሰ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲያልፉ አያቸዋለሁ። ክርክሬ ልክ ነበር፤ ዛሬም ባቄላ ዘርግቼ ብመረምረው ስንጥቅ አላገኝበትም። ጥንዶቹን ባየሁ ቁጥር ግን መዳፌ ያን ዱላ ይፈልጋል።