«ትናንት መጥታ ነበር»

ሕመሜን መጀመሪያ ያየችው ታናሽ እህቴ ዘነበች ናት። እሑድ እሑድ ከጊዮርጊስ ስትወጣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር እኔ ቤት ጎራ ትል ነበር። አንድ እሑድ ጉንጯን ስሜ አስቀመጥኳት፤ ሻይ ጥጄ ስመለስ ደግሞ «ውይ፣ መቼ መጣሽ?» ብዬ እንደ አዲስ ሳምኳት።

«ሁለቴ ከሳምሽኝማ ሁለት ማኪያቶ ነው የምትጋብዢኝ» አለች። ሳቅን። እሷ ግን በማግስቱ ለልጄ ለሰናይት ነገረቻት።

ሐኪሙ መርምሮ መለስተኛ የማስታወስ ችግር ነው አለ። ከመድኃኒቱ ሌላ ቲኤምኤስ የሚባል ሕክምና አዘዘልኝ። ቀዶ ጥገናም መርፌም የለውም። ኮይል የሚሉትን የሽቦ ጥቅል ራስ ላይ አስጠግተው በማግኔት አንጎልን ያነቃቃሉ። ስሜቱ የልጅነት ኩርኩም ነው።

«ፈውስ ነው አልልዎትም፤ አንዳንዱን ሰው ያግዛል» አለኝ።

ከሰናይት ጋር ክሊኒኩ ወዳለበት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ እየወረድን ተመላለስን።

በመካከሉ ዘነበች ቀረች። ጠየቅኩ።

«ትናንት መጥታ ነበር እኮ እማዬ፣ ረሳሽው?» አለች ሰናይት።

አመንኳት። ሌላ ጊዜም ጠየቅኩ። መልሷ ያው «ትናንት መጥታ ነበር» ሆነ። አላለቀስኩም። ደነዘዝኩ። እህቴን ከረሳሁ ምን ቀረኝ?

ሕክምናው ሲያልቅ ሐኪሙ ፈተነኝ። ያስያዘኝን ቃላት አብዛኞቹን መለስኩለት። «ተሻሽለዋል» አለ።

«አልተሻለኝም» አልኩት። «እህቴ መጥታ ስትሄድ እንኳ አላስታውስም።»

ሐኪሙ ሰናይትን አያት። አንገቷን ደፋች።

«እውነቱን ይንገሯቸው» አላት።

ዘነበች ሞታለች። ተቀብራለች። ሰልስቷም አልፏል። ሕክምናው እስኪያልቅ መርዶው ይቆይ ብሎ ዘመድ ተማክሯል። መሸሸጊያ ያደረጉት የእኔን መርሳት ነው። አልጮህኩም። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ።

አሁን ብቻዬን ፒያሳ ወጥቼ ጉዳዬን ፈጽሜ እመለሳለሁ፤ አንዳንድ ስም ግን ዛሬም ይጠፋኛል። የረዳኝ ኮይሉ ይሁን መድኃኒቱ ሐኪሙም በእርግጠኝነት አይናገርም፤ እኔ እግዚአብሔርንም እሱንም አመሰግናለሁ። ሰናይትንም ተቀይሜ ከርሜ ታርቄያታለሁ፤ ለእኔ ብላ ነው። እናንተ አስታማሚዎች ግን መርዶ ቢኖር ሰው ሰብስባችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩን እንጂ ያልሆነውን «ረስታችሁት ነው» አትበሉን። በራሳችን ላይ የቀረችንን ትንሿን እምነት ትወስዱብናላችሁ።

በመርዶው ማግስት ሰናይት ቁርስ ይዛ ገባችና ፊቴን ትመለከት ጀመር። እንደገና ልትነግረኝ እንዳይሆን ፈርታለች።

«ዘነበች ሞታለች» አልኩ ቀድሜያት።

ያን ጊዜ አለቀስኩ።