ደግመው ሲጠይቁኝ

የማኅተም ቀለም ሽታ ዛሬም አይስማማኝም። ባለፈው ቀበሌ ወረቀቴ ላይ ማኅተም ሲያሳርፉልኝ፣ ሳይታወቀኝ አውራ ጣቴን በቀሚሴ እጠርግ ጀመር። ከየት እንደመጣብኝ ልንገርህ።

ቢቸና ሳለን አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አራተኛ ክፍል ደርሼም ማንበብ አልሆነልኝም፤ ፊደሉ እየተቀላቀለ ያስቸግረኛል። መምህራችን ያወቀውን ልጅ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ የተሳሳተውን ግን "እስቲ ድገመው" ይለዋል። እኔ "ድገሚው" ሳልባል የዋልሁበት ቀን የለም። ስለዚህ ፊቱን እያየሁ ሌላ መልስ መገመት ለመድሁ፤ በዚህስ ማንም አይደርስብኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገበያው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ባጃጅ አንዲት ባልቴት ገጭቶ አመለጠ። በቅርብ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሰኞ ጠዋት አባቴ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደኝ። ክፍሉ ይሞቃል፤ ጣሪያው በፀሐይ ይንጣጣል።

"የባጃጁ መጋረጃ ምን ዓይነት ነበር?" አለኝ መርማሪው። ክፉ ሰው አልነበረም።

"አረንጓዴ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "እስቲ ደህና አርገሽ አስቢ። አረንጓዴ ነው?"

ላብ አጠመቀኝ። ተሳስቻለሁ ማለት ነው። አባቴን ባየው መሬት መሬት ያያል።

"ቀይስ አልነበረም?"

"ቀይ ነው" አልሁ።

ይህኔ መጻፍ ጀመረ። እኔም ደስ አለኝ፤ በዚያ ደስታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። የጻፈውን አንብቦልኝ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቶ አስፈረመኝ።

ባለ ቀይ መጋረጃው ባጃጅ የጎረቤታችን ነበር፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ትምህርት ቤት በነፃ የሚያደርሰኝ ሰው። ያን ቀን ማታ ወሰዱት። እያለቀስሁ ለአባቴ "ያየሁትስ አረንጓዴ ነው" ብዬ ብነግረው፣ "ቃልሽን ሰጥተሻል። አሁን ብትለውጪ ውሸታም ነው የሚሉሽ" አለኝ። ጣቢያ ተመልሼም አልሄድሁ። የገጨው ሰው ራሱ እጁን እስኪሰጥ ጎረቤታችን አምስት ወር ታሰረ። ሲፈታም አገሩን ለቆ ሄደ።

እኔም አድጌ ሞጣ አገባሁ። አምና ልጄ እንደኔው ማንበብ ሲያቅታት፣ መምህርቷ ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ እክል እንደሆነ ነገረችኝ። "እንዲህ ያለ ልጅ ጥያቄ ሲደጋገምበት የሚያውቀውንም ሊለውጥ ይችላል፤ ታገሺያት" አለችኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

በዚያው ሰሞን ሞጣ መናኸሪያ በር ላይ ያን ጎረቤታችንን ባጃጁን አቁሞ አገኘሁት። ሸብቷል። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" ብዬ ሁሉንም ነገርሁት።

"ልጅ ነበርሽ እኮ። እኔ ቂም የለኝም" አለኝ። ቁልፉን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና፣ "እናቴ ግን ሳልፈታ ሞተች" አለ። "በጣም ትወድሽ ነበር። 'እኔ አይደለሁም' ብዬ ብምልላትም፣ 'ያቺ ልጅ አትዋሽም' እንዳለች ሞተች።"