ናፍጣ የሸተተው ውኃ

ህሊና የወልድያ ባለሱቅ ልጅ ናት። መርሳ መጥታ ሳይንስ ማስተማር ከጀመረች፣ ሾፌሩን ጌትነትን አግብታ ሀብሩ ላይ ጎጆ ከወጣች ዓመታት አልፈዋል። ተማሪ ይወዳታል፣ ጎረቤት ያከብራታል። እንደ ልቧ ያልያዘችው አንድ ሰው ቢኖር አማቷ አቶ ንጉሴ ናቸው።

ክፉ ሆነው አይደለም። ላገኙት ሁሉ ምራታቸውን ሲያመሰግኑ ይውላሉ፤ ግን ምስጋናቸው ከማሳው ዳር ይቆማል። «የጠመኔ እጅ ነው፣ አይጎዳብኝ» እያሉ መኮትኮቻ እንኳ አያስነኳትም። የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ነገርማ ተዉት! ያን ሁሉ መኪና ሲያሽከረክር የሚውለው ጌትነት ራሱ፣ አባቱ ባሉበት የማስነሻውን ገመድ ስቦ አያውቅም።

ሞተሩ የጎረቤታሞች የጋራ ነው፤ በወንዙ ዳር በተራ ይዞራል። ተራው ያመለጠው ሰው እንደገና እስኪደርሰው ይጠብቃል፤ ተራ የሚያስከብሩት የውኃ አባት ደግሞ ለእናታቸውም አያዳሉ። ያን ቅዳሜ ተራው የአቶ ንጉሴ ነበር። የማሳቸው ሽንኩርት ውኃ ጠምቶት አንገቱን ደፍቷል። ጌትነት ጭነት ይዞ ደሴ ሄዷል፣ ሽማግሌውን ወገባቸውን ይዟቸው ሰንብቷል። ህሊና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «እኔ አለሁ» አለች። ሌላ ሰው ስላልነበረ እሺ አሉ።

እንዲህ ያለው ሞተር መምጠጫ ጎማው አስቀድሞ ውኃ ካልሞላ ከወንዙ አይስብም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይያዛል፤ አንዱ የናፍጣ፣ አንዱ ጎማ መሙያ ውኃ። በዚያ አገር ጀሪካን አይጣልም፤ ዘንድሮ ውኃ የሚቀዳበት አምና ናፍጣ ሲመላለስበት የከረመ ይሆናል። አቶ ንጉሴ ናፍጣውን እንድትሞላ ነግረዋት ቦዩን ሊጠርጉ ወረዱ። ህሊና አንዱን ጀሪካን ከፍታ አሸተተች። ናፍጣ ናፍጣ አለ። ሥራ በማግኘቷ ደስ ብሏት ከሥሩ ጥቂት ናፍጣ ወደ ቀረው ነዳጅ መያዣ ገለበጠችው።

ሁለተኛውን ወደ ጎማው ልትጨምር ስታዘነብለው እጇ ላይ ፈሰሰ። ያሟልጫል። ያኔ ነው የገባት። ለሞተሩ ያጠጣችው፣ ድሮ ናፍጣ በተያዘበት ጀሪካን የተቀዳ ውኃ ነበር።

አማቷ ከቦዩ ተመለሱ። ጎንበስ ብለው ገመዱን ያዙ። ዝም ብትልስ? አሮጌ ሞተር ነው፣ በራሱ ጊዜ እንቢ አለ ይባላል። ግን ያ ውኃ ወደ ሆዱ ከገባ የሚሞተው የሁሉም ጎረቤት ሞተር ነው። ጠጋ ብላ ተናገረች።

«አባባ፣ አይሳቡት። ናፍጣው ላይ ውኃ ጨምሬበታለሁ።»

ገመዱን ለቀቁት። አልተቆጡም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሽንኩርታቸውን አየት አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ናፍጣው ተበላሸ አሉ። አምና አንድ ጎረቤት ናፍጣው ላይ ላምባ ቀላቅሎበት ማንም ሊለየው እንዳልቻለ ነገሯት።

ላምባ ሲሉ ህሊና ነቃች። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈውን እንዴት ረሳችው? ላምባና ናፍጣ ይዋሃዳሉ፤ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ነው፣ ቢጠብቁት አይወጣም። የሳይንስ መጽሐፉ ሙሙት የሚለው ይህንኑ ነው። ውኃና ናፍጣ ግን አንድ ቤት እየኖሩ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ናቸው። ውኃው ይከብዳል፣ ከሥር ይተኛል። ሞተሩ ደግሞ አልተነሳም፣ ወደ ውስጥ የሳበው ጠብታ የለም።

ከመያዣው ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን እንዲፈቱላት ለመነቻቸው። እርግጠኛ መሆኗን ጠየቋት። ስታስተምረው ዓመታት እንዳለፉ፣ እንደ ዛሬ ግን ፈርታው እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ትንሽ ፈገግ አሉና መፍቻ ቁልፉን አነሱ።

እስኪረጋ ታገሡት። ቡሎኗ ስትላላ ህሊና የላስቲክ ጠርሙስ ደቀነች። የወረደው ጥርት ያለ ውኃ ነበር። ደፍታ ደገመች፤ አሁንም ውኃ። ቀጥሎ ከሥር ውኃ፣ ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ መሐላቸው ቀጥ ያለ መስመር። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ስታነሳው ሽማግሌው ተጠግተው በጣታቸው መስመሩን ነኩት። ከዚያ በኋላ የወረደው ናፍጣ ብቻ ሆነ። ህሊና ከጠዋት ጀምሮ ያልተነፈሰች ይመስል በረጅሙ ተነፈሰች።

ቡሎኗ ተመልሳ ጠበቀች፣ ናፍጣው ተሞላ፣ ጎማውም ከወንዙ በተቀዳ ውኃ ጠገበ። አቶ ንጉሴ ወደ ገመዱ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቀና አሉና ቦታውን ለቀቁላት።

«ነይ፣ አንቺ ሳቢው።»

ስትስበው ሞተሩ አስሎ ዝም አለ። እንደገና በሙሉ ጉልበቷ ሳበችው። ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ፣ ጎማው ተወጠረ፣ ውኃው ቦዩ ውስጥ ገባ። እሷ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ፣ አማቷ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ውኃውን እየተከተሉ ወደ ሽንኩርቱ ወረዱ። ሞተሩን ለእሷ ትተውላት ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።