የፍጻሜው ጨዋታና የናትናኤል ክርስትና

ባለፈው ሳምንት ከሥራ በጊዜ ወጥቼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ቤዝቦል ሳይ ደሜ ፈላ። ከመጋቢት እስከ መስከረም ሁሉንም ሲረታ የከረመ ቡድን፣ ጥቅምት ላይ ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን ተሸነፈና በቃ፣ ወደ ቤትህ ተባለ። የረታው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲንገዳገድ ቆይቶ በመጨረሻው ሳምንት በመከራ ጥሎ ማለፉ ውስጥ የገባ ቡድን ነው። ሪሞቱን ወረወርኩና "ይሄ ፍርድ ነው እንዴ? ስድስት ወር የለፋ ሰው በአንድ ሳምንት ይባረራል?" ብዬ ጮኽኩ። አጠገቤ ብርቱካን የምትልጠው ልጄ ሶሊያና ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "ዳድ፣ ሪላክስ። ጌም ነው እኮ" አለችኝ።

ጌም ነው እኮ! እንዲህ ሲሉኝ አልወድም። ሚስቴ በየዓመቱ "ጥቅምት ሲመጣ አንተ ያምሃል" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። በዚህ ነገር መናደድ የጀመርኩት ግን ዛሬ አይደለም። ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው።

ያኔ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ነበር። እማዬ ዲቪ ደርሷት ይዛኝ ከመጣች ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ከአፓርታማችን ጀርባ በሽቦ የታጠረ ሜዳ ነበር፤ ጸደይ ሲገባ አዲስ የታጨደው ሣር ሽታ እስከ መኝታ ቤቴ መስኮት ይመጣል። እዚያ ሜዳ ላይ ነው ኦስካር የሚባል የኤል ሳልቫዶር ልጅ ቤዝቦል ያስተማረኝ። እኔ ፒቸር ሆንኩ፤ ዱላ ለያዘው ተጋጣሚ ኳሷን የምወረውር ማለት ነው። ኦስካር ከኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን ይቀልብልኛል፣ አባቱ ያሠለጥነናል፣ እናቱ አይብ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ በፎይል ጠቅልላ ትልክልናለች። ትኩሱን ባላበው እጃችን እየቆረስን ስንበላው የነበረው ጣዕም እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

በዚያ ጸደይ ከአሥራ አራት ጨዋታ የተሸነፍነው ሁለቴ ብቻ ነው። አንደኛ ወጣን። ታዲያ ዋንጫው የኛ መሆን አልነበረበትም? የለም! የሊጉ ሕግ አራቱ ቡድኖች እንደገና ይጋጠሙ፣ የተሸነፈ ይውደቅ ይላል። ለፍጻሜ የደረሰብን አራተኛ የወጣው ቡድን ነው፤ ያንን ቡድን በዚያው ዓመት ሦስት ጊዜ አሸንፈነዋል። ሦስት ጊዜ! ያ ሁሉ ተረስቶ አንድ ጨዋታ ይፈርዳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት አጎቴ ጋሽ ታደሰ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ታክሲ ነጂ ነበሩ። አርባ አምስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ወንድ ልጅ ወለዱና ናትናኤል አሉት። ልጁ ሁለት ሳምንት ሲሆነው እኛ ቤት መጥተው፣ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ "ይሄን ልጅ ክርስትና የምታነሳልኝ አንተ ነህ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና ልጅ ነኝ።"

"እዚህ አገር ሌላ ሰው የለኝም። እኔ አንድ ነገር ብሆን ናትናኤልን የማስረክበው ላንተ ነው። ልጅ ነኝ አትበለኝ።"

እማዬ አለቀሰች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ክርስትና አባትነት ቀልድ አይደለም፤ ልጁን ከውሃው የተቀበለ ሰው ዕድሜ ልኩን አባቱ ነው።

ፍጻሜው ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ግን ሰማዩ ተቀዶ ዋለ፤ ሜዳው ኩሬ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ተደውሎ ጨዋታው ለእሁድ ጠዋት፣ በፈረንጆቹ ለአስር ሰዓት ተዛውሯል ተባልን። እሁድ የናትናኤል አርባኛ ቀን ነው! ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ይሄን ቀን አዛውሩልኝ አይባልም። የኦስካር አባት ለሊጉ ኃላፊ ደውሎ "እባክህ ከሰዓት በኋላ አድርግልን፣ ፒቸሬ ቤተ ክርስቲያን ነው" ቢለው "ሌላ ፒቸር አስገባ፣ ለሁሉም እኩል ነው" አለው። እኩል ነው! የዚያን ሰው ድምፅ ሰምቼው አላውቅም፣ ግን እስካሁን ባገኘው ደስ ይለኛል።

እኔም በልቤ አሰላሁ። ጥምቀት ከቅዳሴ በፊት በማለዳ ነው፤ ልጁን ቶሎ አንስቼ እወጣለሁ። ኦስካር የአባቱን ፒክአፕ ይዞ ፓርኪንግ ሎት ይጠብቀኛል። ለእማዬ ትንፍሽ አላልኩም።

ያን ቀን ግን ዘጠኝ ሕፃናት ተሰልፈዋል። ካህኑ ደግሞ መንገድ ላይ መኪናቸው ተበላሽቶባቸው ዘግይተዋል። የናትናኤል እናት በሴቶች በኩል ቆማለች፣ ጋሽ ታደሰ ከካህኑ ጋር ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ እኔ ናትናኤልን በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ታቅፌዋለሁ። ወተት ወተት ይሸታል፤ አንገቴ ሥር ይተነፍሳል። ከፊታችን አምስት ልጆች ሲቀሩ ሰዓቴን አየሁ፤ በፈረንጆቹ ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል። ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌዩ፣ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

አጠገቤ አንድ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ኮቱ የሰፋው ሰው ቆሞ ነበር። "ወንድሜ፣ ለአንድ ደቂቃ ያዝልኝ፣ አሁን መጣሁ" አልኩትና ልጁን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ጫማዬን አንጠልጥዬ በሩጫ ወጣሁ።

ጨዋታውን ምን ብዬ ላውራው? ቅዳሴ የሚያስቀድም ቁርስ ስለማይበላ ባዶ ሆዴን ነበርኩ። የግንቦት ፀሐይ ከርጥቡ መሬት እንፋሎት ያወጣል። እስከ አምስተኛው ዙር መራን። ከዚያ አንድ ኳስ አመለጠችኝ፤ መሀል ለመሀል ሄደች፤ ዱላ የያዘውም ልጅ መትቶ ከአጥሩ ማዶ ላካት። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። አራተኞቹ ዋንጫውን ተሸክመው ሲጨፍሩ ኦስካር ጓንቱን መሬት ላይ ፈጥፍጦ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። የበላኝ ንዴት ነው። ሦስት ጊዜ ያሸነፍነው ቡድን!

ከሰዓት በኋላ፣ ጉልበቴ ጭቃ እንደሆነ፣ ጋሽ ታደሰ ቤት ደረስኩ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ የዶሮ ወጡ ሽታ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቷል። እማዬ አየችኝና ፊቷን አዞረች። በክብር ቦታው፣ በጋሽ ታደሰ ቀኝ፣ ያ ኮቱ የሰፋው ሰው ተቀምጧል። ሲያየኝ ደንግጦ ብድግ አለ።

"ወንድሜ፣ ለደቂቃ ብለኸኝ ነበር እኮ። ተራው ደረሰ፣ ካህኑ ክርስትና አባት ሲሉ ልጁ እኔ እጅ ላይ ነው። ምን ላድርግ?"

ጋሽ ታደሰ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ እንዴት በወደድኩ! "ይሄ ሙሉጌታ ይባላል፣ የናትናኤል ክርስትና አባት ነው" አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያ ሳህን አነሱና "በል ብላ፣ ርቦሃል" አሉ።

ሙሉጌታ እዚህ አገር ከገባ ሁለት ወሩ ነበር፤ ሎረል የሚባል ከተማ አንድ ምድር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፣ ያን ቀን የመጣው ሥራ የሚጠቁመው ሰው ፍለጋ ነው። ከዚያ ወዲያ ዓመት በዓል ያለ እሱ አይከበርም ሆነ። ናትናኤል ስምንት ዓመት ሲሞላው ጋሽ ታደሰ አረፉ፤ ሙሉጌታ ከሎረል ቤት ለውጦ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ፣ ሐኪም ቤት የሚያድረው እሱ። ኳስ መወርወር እንኳ ያስተማረው እሱ ነው፣ ራሱ መቅለብ ሳይችል! እኔ ፒቸሩ እያለሁ! አንድ ቀን ሜዳ ላይ ሲወረውሩ በአጥሩ በኩል አየኋቸውና መኪናዬን ሳላቆም አለፍኩ።

ይሄን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለሶሊያና ነገርኳት። ብርቱካኑን ትታ አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

"ናቲ? አወር ናቲ?"

"አዎ፣ የኛው ናቲ። አየሽ? ፍጻሜው ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ቢባል ኖሮ አንዱን እቀር ነበር። ልጁን አነሳ ነበር። የዚህ የተረገመ ሕግ ጥፋት ነው!"

"ሶ፣ ሦስት ጌም ቢሆን ቸርች ትቆይ ነበር?"

"እንዴታ!"

ይሄንን ማለት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለሚስቴ ብያለሁ፣ ለኦስካር ብያለሁ፣ በጋሽ ታደሰ ቀብር ላይ ቆሜ ለራሴ ብያለሁ። እሳቸውን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ ሕጉ ነው ጥፋተኛው፣ እኔ ምን አደረግኩ? ሶሊያና ግን ዓይኗን አልነቀለችም። እኔም ያን ጠዋት እንደገና አሰብኩት። ሰልፉ፣ ሰዓቴ፣ ውጭ ሞተር አስነስቶ የሚጠብቀው ኦስካር። ሕጉ መጥፎ ነው፤ ዛሬም መጥፎ ነው፣ ማንም አያሳምነኝም። የመጀመሪያውን ከተሸነፍን ግን አለቀልን እል እንደነበር አውቀዋለሁ። ኳሷን ሌላ ልጅ ሲወረውር መቆም አልችልም ነበር።

"አይ፣" አልኳት። "ሦስትም ቢሆን እሄድ ነበር።"