የነፋስ እግር ሱሪ

ልብስ ሰፊዋ ሲኒማ ቤት ስትገባ የምትቀመጠው ሁልጊዜ መተላለፊያው ዳር ነው። ጀግናው ካልቾ በሰነዘረ ቁጥር የእሷም እግር ሳታዘው ይነሳል። መሃል ከተቀመጠች ከፊት ያለውን ሰው ጀርባ ትጠልዛለች፤ ዳር ስትሆን ግን የምትመታው አየር ብቻ ነው።

ሃምሳውን አልፋለች። የዳረቻቸው ልጆች አሏት፤ መነጽሯን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። በሰፈሩ የምትታወቀው ግን «ቡጢ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የካራቴ ፊልም ከተባለ እህል ውሃ አያሰኛትም።

የዚያን ቀን ፊልም ጀግና ነፋስ እግር ይባላል። ሥራው የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ነው፤ ችግር ሲመጣ ጭምብሉን አጥልቆ ካልቾውን ይሰነዝራል። ከእግሩ የሚወጣው ነፋስ እሳት ያጠፋል፣ መኪና ይገለብጣል፣ የወንበዴ ኮፍያ ያወልቃል። አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ በዕረፍት ቀኑ ተጎትቶ የመጣ ሰው ነውና እጆቹን አጣምሮ ያያል።

«ገመድ ነው የያዘው» አላት።

«ዝም ብለህ እይ።»

«ወገቡ ላይ ነው ያሰሩት። እኔን ቢያስሩኝ እኔም እበራለሁ።»

«አንተን የሚችል ገመድ አልተፈተለም።»

በዚህ መሃል ሰው የሞላው ሊፍት ከፎቅ ላይ ተበጥሶ ቁልቁል መጣ። ነፋስ እግር በሁለት ሕንጻዎች መካከል ዘሎ ገባ፤ አንዱን እግሩን በዚህኛው ግድግዳ፣ ሌላውን በዚያኛው ተክሎ፣ ሊፍቱን በትከሻው ተቀበለ። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ልብስ ሰፊዋም ሁለት ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከታ ካፏጨች በኋላ በድንገት ቀጥ አለች።

«ሱሪው አልተቀደደም» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ሊፍቱ ይደንቀው ነበር። እሷ ግን ቁስሏ ሌላ ነው። አምና የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ባለ ልኳንዳው፣ የመጀመሪያ ልጁን ሲድር ሱሪውን የሰፋችለት እሷ ነበረች። ጭኑ የዋርካ ግንድ የሚያህል ሰው ነው። ሙሽራው ቀለበቱን ሲጥል ባለ ልኳንዳው ላንሳልህ ብሎ ጎንበስ አለ፤ ሱሪው ከፊት እስከ ኋላ ተተረተረ፤ ድምፁ ከሙዚቃው በላይ ተሰማ። በዚያች ቅጽበት በተነሳው ፎቶግራፍ ላይ ከሙሽሮቹ በቀር ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። ከዚያ ወዲህ በዘመድ መካከል ወረቀት እንኳ ሲቀደድ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል።

አሁን እሑድ የባለ ልኳንዳው ሁለተኛ ልጅ ልትዳር ነው። እሱም ለዘመድ ሲል የሱሪውን ጥቁር ጨርቅ አሁንም ለእሷ ሰጥቷል። ነገር ግን፣ «እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ ጎንበስ አልልም» ብሏል። «ልጄ እግሬ ሥር ብትወድቅም ቆሜ ነው የምስማት።»

ይቺ ንግግር ልብስ ሰፊዋን እንደ ስፒል ወግታታለች። ሰው በልጁ ሠርግ እንደ ምሰሶ ተገትሮ እንዲውል የሚያደርግ ሱሪ ከሰፋች፣ መቀሷን መስቀል ነው የሚሻላት።

ከሲኒማው ሲወጡ፣ «ነገ ተመልሼ አየዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«የሱሪውን መሃል።»

ባል መንገዱ ላይ ቆመ። «ባለትዳር ሴት ነሽ። የሰው ሱሪ መሃል ለማየት ሲኒማ ትመላለሻለች ቢባል እኔ የት እገባለሁ?»

«አጠገቤ ትገባለህ። መተላለፊያው ዳር።»

በማግስቱ ማታ ከሥራ ሲወጣ እውነትም አጠገቧ ገባ፤ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብሎ። በዚህ ጊዜ የተቀመጡት ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው። ነፋስ እግር ሊፍቱን ሲቀበል ፊልሙ ቀስ ይላል፤ ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አጥልቃ አንገቷን አሰገገች። ሁለቱ እግሮች በሚገናኙበት ቦታ በሹሏ የቆመች አራት ማዕዘን ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ገብታለች። አራቱ ስፌቶች አንድ ነጥብ ላይ ሲጋጠሙ ጭነቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ቁራጯ ስትገባ ግን ስፌቶቹ ይራራቃሉ፣ ጭነቱም ይከፋፈላል።

«አገኘኋት» ብላ ብድግ አለች።

«እናቴ፣» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «የጠፋሽን ነገር መብራት ሲበራ ብትፈልጊው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ባል፣ «ሊፍቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ግን ባትጮህበት ጥሩ ነበር። ሰውዬው ሥራ ላይ ነው» አለ። ልብስ ሰፊዋ ፈገግታዋን ወደ መንገዱ ዳር አዞረች።

ሱሪውን በደስታ ሰፋችው። የስፌት መኪናውን ስትረግጥ በአፏ የፊልሙን ሙዚቃ ታሰማለች፤ ክር ስትበጥስ እንደ ካራቴ ተጫዋች «ሂያ!» ትላለች፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ አሽከርክራ ራሷን ጆሮዋ ላይ መታች። ተኩሳ ሰቅላው ወደ ኋላ ስትል ነው የሠራችውን ያየችው። የነፋስ እግር ቁራጭ ቀይ ስለነበረች፣ እሷም ሳታስበው ከሙሽራዋ ሚዜዎች ቀሚስ የተረፈውን ቀይ ሳቲን አስገብታለች። ከጥቁሩ ጨርቅ የተረፈ ብጣሽ የለም። ባለ ልኳንዳው ደግሞ ሊለካ በር ላይ ደርሷል።

ከመጋረጃው ጀርባ ለብሶ ሲወጣ ወደ ታች እያየ ነበር።

«ይሄ ከመሃሌ የሚቀላው ምንድነው? ሥጋ ሰቀልሽብኝ እንዴ?»

«ቆመው አይታይም፣ ጋሼ። እግር ሲነሳ ብቻ ነው።»

«የማን እግር?»

«የእርስዎ። እስቲ ጎንበስ ይበሉ።»

«አልልም። ነግሬሻለሁ።» ምንም አልጮኸም፤ ግን እጁን መጋረጃው ላይ አሳርፏል። «የድሮውን ግራጫ እለብሳለሁ። አትቀየሚኝ። አምና የሳቁት ሰዎች እሑድም ይመጣሉ።»

 ያን ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያይ የነበረው የልብስ ሰፊዋ ባል ከበርጩማው ተነሳ።

«ጋሼ፣ አልገባህም» አለ። «ይሄ ተራ ሱሪ አይደለም። ሊፍቱ ሲወርድ ሰውዬው እንዲህ ነው የሚሆነው።» አንድ እግሩን አንስቶ የካውያው ጠረጴዛ ላይ ተከለ፤ ሁለቱን መዳፎቹን ወደ ጣሪያ ዘረጋ፤ ፊቱን አኮሳተረ። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ። አምና በሠርጉ ላይ የተሰማው ዓይነት ነው።

«የእኔ ስፌት አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ ፈጥና። «ከሱቅ የገዛው ነው።»

ባለ ልኳንዳው ወንድሙን አየ። ወንድሙ እግሩን ጠረጴዛው ላይ እንደተከለ፣ ሊፍቱን እንደተሸከመ፣ ሳይነቃነቅ ቆሟል። ባለ ልኳንዳው መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሆዱ፤ በመጨረሻ ጉልበቶቹን ይዞ ለሁለት ታጥፎ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። እንደታጠፈ ቀረ። ሦስቱም ጆሯቸውን አቀኑ። ምንም የለም።

ቀና አለ። ቀስ ብሎ ደግሞ ጎንበስ አለ። ቁጢጥ አለ፤ ተነሳ። ወደ ኋላው ዳበሰ። 

«እንዴት ነበር የሚያደርገው?» አለ ባለ ልኳንዳው።

«ግራውን ረግጦ፣ በቀኙ፣ ጋሼ። ቀይዋ እስክትታይ።»

ባለ ልኳንዳው ግራውን ረግጦ ቀኙን ሰነዘረ። ቀይዋ እንደ መብራት ብልጭ አለች፤ ስፌቱ ቻለ። ጫማው ግን ከእግሩ ወጥቶ በጠረጴዛው ላይ አልፎ፣ መስኮቱ ላይ የቆመውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ግንባሩን ብሎ ጣለው።

ባል አንድ እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ቀዳዳውን እንደሸፈነ፣ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አየሽ?» አላት በኩራት። «ያለ ገመድ ነው።»