ስሜ የተፋቀበት ኤዲተር

በማስተምርበት የቡታጅራ ኮሌጅ የነበሩት አሮጌ ኮምፒውተሮች የተለመደውን ሲስተም መሸከም አቅቷቸው ነበር። በአንድ ፍላሽ ላይ የምትያዝ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩባቸውና ነፍስ ዘሩ። ችግሩ ኤዲተሩ፣ ማለትም ተማሪው የሚጽፍበት ፕሮግራም ነበር። አብሮ የመጣው የአማርኛን ፊደል ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል።

የክፍል ኃላፊዬ፣ በዕድሜም በሥራም የሚበልጠኝ ሰው፣ በማውስ የሚሠራ፣ ሥዕል የበዛበት ኤዲተር ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ጫንነው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደረስ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ጥፋቱን በእኔ ላይ አላከከ። እኔ ስፈልግ ከርሜ፣ ማንም እንዲያሻሽለው የተፈቀደ፣ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ቀላል ኤዲተር አገኘሁ። ፊደሉን አስገባሁለት። የኪቦርዶቻችን ግማሽ ያህሉ ኮንትሮል ቁልፋቸው ስለማይሠራ፣ ፋይል ማስቀመጫውን ወደ ኤፍ ሁለት አዛወርኩት። አጠቃቀሙን በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ከታች ስሜን አድርጌ፣ «ውሰዱ፣ ለሌላም ስጡ» አልኩበት። ለጉንችሬና ለወልቂጤ መምህራን በፍላሽ አደልኩ። ለኃላፊዬም ሰጠሁት። የድሃ ኤዲተር ነው ብሎ ሳቀብኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወልቂጤ ለሥልጠና ተጠራን። አዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር የበራው የእኔው የአጠቃቀም ገጽ ነበር፣ የፊደል ግድፈቴ ሳይቀር። ከታች ያለው ስም ግን የክፍል ኃላፊዬ ነው። መድረኩ ላይ ቆሞ ምን ያህል እንደለፋበት ያስረዳል። ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁና፣

«መምህር፣ ፋይል የሚቀመጠው በየትኛው ቁልፍ ነው?» አልኩት።

«በኮንትሮል ኤስ ነዋ፣ እህቴ።»

ትክክለኛው ቁልፍ ከኋላው ግድግዳው ላይ በበራው ገጽ ተጽፏል። አላነበበውም። ፍላሹን ከእኔ የወሰደች አንዲት የወልቂጤ መምህርት ኤፍ ሁለት መሆኑን ተናገረች፤ አዳራሹ አጉረመረመ። እሱ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ።

ወደ ቡታጅራ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺው ራስሽ ለሌላም ስጡ ብለሽ የለ?» አለኝ።

«ስጡ አልኩ እንጂ ስሜን ፋቁ አልኩ?»

በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮምፒውተር ክፍሉን ነጥቆኝ በጠመኔ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት መደበልኝ። ለዲኑ አመለከትኩ፤ በነፃ ነገር ምን ያጣላችኋል ተባልኩ። ባልደረቦቻችን ሊያስታርቁን ሁለቴ ሞከሩ። መጀመሪያ ስሜን ገጹ ላይ ይመልስ አልኩ፤ እሱ ደግሞ እኔ ይቅርታ እንድጠይቀው ፈለገ፣ በሰው ፊት አዋርዳኛለች ብሎ። ክፉ ሆንሽ አሉኝ፤ ይበሉ። ዛሬም በአንድ ቢሮ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ እንቀመጣለን።