ከዘይነባ ስኩተር ኋላ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ላይ ወደ ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ አንድ ዓይነት ጃኬት የለበሱ ወጣቶች በስኩተር ተከታትለው አለፉ። ረጅም መንገድ እንደሚሄዱ ከኋላቸው የምትከተለው ፒክአፕ ትናገራለች፤ ትርፍ ጎማና ጀሪካን ጭናለች። ሰው ሁሉ ፊት ፊት ያሉትን ሲያይ የእኔ ዓይን የፒክአፗ ሾፌር ላይ ቀረ። ፍጥነቱን ከመጨረሻው ልጅ ፍጥነት ጋር አስተካክሎ፣ መሪው ላይ ደፋ ብሎ ይነዳል። ያንን አነዳድ አውቀዋለሁ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ አድካሚ ነው። እግር ነዳጁን መርገጥ ይፈልጋል፣ ልብ ግን ቆይ ይላል።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲያ ነድቻለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። አጎቴ የሮቤ ስንዴ ነጋዴ ስለነበር አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ እሷን ነበር የምነዳው። ጋሽ በቀለ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር የከተማውን ባለስኩተሮች ሰብስበው ጉዞ አዘጋጁ። ከሮቤ ተነስተው በጎባ በኩል የሳነቴን ደጋ አቋርጠው፣ ወደ ቆላው ወርደው ደሎ መና ያድራሉ። በማግስቱ ብድሬ ይገባሉ። ደንቡ አጭር ነበር፤ ስኩተሩን መኪና ላይ የጫነ ከጉዞው ወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መና ያልገባም ወጣ። ጋሽ በቀለ በራሳቸው መኪና ፊት ፊት ይመራሉ። እኔ ቤንዚኑን፣ ጎማውንና ስንቁን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ፤ መሄድ ያቃተውን እጭናለሁ።

ከነጂዎቹ ሴት ዘይነባ ብቻ ነበረች። ጎባ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። የሰፋችውን ልብስ በዚያች ሰማያዊ ስኩተሯ ለደንበኞቿ ስታደርስ ሮቤም ጎባም አይቷታል። መጀመሪያ ሰው ቆሞ ያያት ነበር፣ በኋላ ለመደ። ስኩተሯ ግን ከሁሉም ያረጀች ስለነበረች ከነጂዎቹ ጓደኞቼ የሆኑት ሲነሱ ጀምሮ ይቀልዱብኝ ነበር። “ጌቱ፣ ቦታ አዘጋጅላት፤ ከጎባ አታልፍም” ይሉኛል። እኔም በሆዴ እንደዚያው አስብ ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው። ከሮቤ ስንወጣ ስንዴው በግራም በቀኝም ቢጫ ሆኖ፣ አንዳንዱ ማሳ ላይ ኮምባይነሩ አቧራውን እያቦነነ ያጭዳል። ጎባ ሻይ ጠጣን፣ ትኩስ ዳቦ በላን። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን ሳነቴ አፋፍ ላይ ስንደርስ ብርዱ በመስኮት ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ። ሜዳው ላይ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች ራቅ ራቅ ብለው ቆመዋል፣ ሰማዩ ዝቅ ብሏል። ሌሎቹ ስኩተሮች እያቃሰቱም ቢሆን ሄዱ። የዘይነባ ግን ሳል ጀመራት። አየሩ ሲሳሳ ያ አሮጌ ሞተር ታፈነና እሷን ተሸክሞ መሄድ አቃተው።

ወረደች። ካንዴላውን ፈታች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ ገጠመች። ሞተሩ ተነሳ፤ ስትቀመጥበት ጠፋ። ደግማ አስነሳችውና ሳትቀመጥበት በአንደኛ ማርሽ፣ መሪውን ይዛ ከጎኑ መራመድ ጀመረች።

“ጌቱ፣ ሰዎቹን ተከተላቸው። እኔ እደርሳለሁ” አለችኝ።

“የኋላ መኪና እኮ ነኝ። አንቺን አልፌ መሄድ አልችልም።”

“እንግዲያው ቀስ በል” አለችና ፊቷን አዞረች።

ቀስ አልኩ። በሰው እርምጃ ልክ መንዳት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ፍሪሲዮኑን እረግጣለሁ፣ እለቃለሁ፣ እረግጣለሁ። የተቃጠለ ሽታ መጣ። የአጎቴ ፊት ታየኝ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር፤ ጓደኞቼ መና ገብተው ፍየል ሲያሳርዱ እኔ እዚህ ነፋስ ላይ እውላለሁ ብዬ።

ትንሽ ቆይቶ የጋሽ በቀለ መኪና ከፊት ተመልሳ መጣች። አጠገቤ አቁመው መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

“ምን ትጠብቃለህ? ጫናትና ና እንጂ። ልጆቹ ቤንዚን ይፈልጋሉ።”

“አልጫንም ብላለች፣ ጋሼ።”

“እሷን መች ጠየቅኩህ? አንተን ነው የላክሁህ።”

ዘይነባ ሰምታለች፤ ግን አልቆመችም። በረዶ መጣል ጀመረ። ጥቃቅኑ በረዶ የመኪናውን ጣሪያ ሲደበድብ እሷ ትከሻዋን ሰብስባ ትገፋለች፤ ሞተሩም አሁን ጨርሶ ጠፍቷል። ያኔ ወርጄ ሮጥኩና ክንዷን ይዤ ጋቢና ውስጥ አስገባኋት። ጣቶቿ አልታጠፍ ብለው ነበር። ማሞቂያውን ከፈትኩላት።

“ዘይነባ፣ ልጫነው። ማንም አያማሽም።”

እጆቿን ማሞቂያው ላይ ዘረጋች። ከዚያ ነገረችኝ። የተወለደችው ብድሬ ነው። አባቷ ከብት ነጋዴ ናቸው። ሊድሯት ላሰቡት ሰው እምቢ ብላ፣ ከብት በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ አክስቷ ጋ ጎባ መጣች። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

“አባቴ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‘በሰው መኪና ተጭና እንደወጣች፣ በሰው መኪና ተጭና ትመለሳለች’ አለ። ለሰው ሁሉ ነው የተናገረው። ብድሬ የምገባው በዚህች ነው፣ ኢንሻአላህ። ከጫንካት እኔን እዚሁ ተወኝ።”

አላለቀሰችም። ድምጿም ከፍ አላለም። በሩን ከፍታ ወረደች፣ ስኩተሯን አቃናች፣ መግፋት ቀጠለች።

ጋሽ በቀለ አሁንም ቆመው ይጠብቁኛል። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አወረድኩና መኪናቸው ውስጥ ጫንኩ። ለእኛ አንዱን ብቻ አስቀረሁ።

“ምን ማድረግህ ነው?” አሉኝ።

“ልጆቹ ቤንዚን አያጡም። እርስዎ ይምሯቸው። እኔ ከእሷ ጋር እመጣለሁ።”

“ዛሬ መና አትገቡም። ከጉዞው ወጥታለች ማለት ነው።”

“እሺ ጋሼ።”

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ አሁን ያቺ ሴት ወዲያ ማዶ እንድትደርስ ከእሷ እኩል ፈለግሁ። ነፋሱ በግራ ሲመጣ በግራዋ እየሄድኩ ጋረድኳት። ሲዞር በሌላው በኩል ሆንኩ። ቁልቁል የሚመጣ የጭነት መኪና ሲኖር መብራቴን እያበራሁ አስጠነቅቃለሁ። አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ቆም ብላ አየችንና ወደ ጉዳይዋ ሄደች። ዘይነባ አንዳንዴ ቆማ በጉልበቷ ትደገፋለች። ልግፋልሽ አላልኳትም። እሷም ዞራ አላየችኝም።

ወደ ሐረና ደን የሚወርደው ቁልቁለት ጫፍ ስትደርስ ስኩተሯ ላይ ተቀመጠች። ያለ ሞተር፣ በፍሬን ብቻ፣ ጭጋጉ ውስጥ ገባች። ተከተልኳት። እየወረድን በሄድን ቁጥር አየሩ ሞቀ፣ ዛፉ በዛ። ደኑ ውስጥ ያለችው ሪራ መንደር ልንደርስ ስንል ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ከዚያ ተነሳ። ፀሐይ ግን ጠልቃ ነበር። ሪራ የአክስቷ ዘመዶች ተቀበሉን፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮና የደን ማር አቀረቡልን። ያን ያህል የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ መና ስንገባ ሌሎቹ ተነስተው ሄደዋል። ያደሩበት ምግብ ቤት ባለቤት፣ ጋሽ በቀለ ዘይነባ ከጉዞው ወጥታለች ማለታቸውን ነገረን። ዘይነባ እየሰማች ዳቦዋን በሻይ በላች፣ አፏን ጠረገች።

“ቤንዚን ቅዳልኝ” አለችኝ።

ብድሬ የደረስነው ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ ነው። ሌሎቹ ቀድመው ገብተው ጥላ ስር ተቀምጠዋል። እሷ ወደ እነሱ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ከብት ተራው ነድታ፣ ዱላ ይዘው ከቆሙ አንድ ረጅም ሽማግሌ ፊት አቆመች። ሐጂ አደም ናቸው፣ አባቷ። ሰላምታ አልተለዋወጡም። ሽማግሌው ጭቃ የለበሰውን ጎማ አዩ፣ የተላጠ መዳፏን አዩ። በኦሮምኛ ጠየቋት።

“የማን ነው?”

“የኔ ነው፣ አባ።”

“በሳነቴ በኩል መጣሽ?”

“በሳነቴ በኩል።”

በዱላቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። “ይሄ አልጫነሽም?”

“አልጫነኝም።”

ሐጂ ወደ እኔ አዩ። “እውነቷን ነው ሐጂ፤ እስከዚህ ድረስ በእግሯና በሞተሯ ነው” አልኩ። ከብቶቹ ይጮኻሉ፣ ደላላው ይጠራቸዋል፣ እሳቸው አልሰሙም። ከዚያ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አደረጉና “በጋ ነጋን ገልቴ” አሏት፤ እንኳን በሰላም ገባሽ ማለት ነው። ለመጣ እንግዳ ሲሆን “ዱፍቴ” ነው የሚባለው። “ገልቴ” የሚባለው ወደ ገዛ ቤቷ ለተመለሰች ሰው ነው። ሳነቴ ላይ ያላለቀሰችው ሴት ያኔ አለቀሰች።

ጉዞውን ከጨረሱት ግን አልተቆጠረችም። ጋሽ በቀለ ደንባቸውን አላፈረሱም፣ እሷም አልጠየቀቻቸውም። የፒክአፗ ፍሪሲዮን ነድዶ ስለነበር አጎቴ ክረምት እስኪገባ ቁልፉን አላስነካኝም። ዘይነባ ዛሬም ጎባ አለች፤ ስፌት ቤቷ ሰፍቶ ሦስት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ። ሐጂ እስኪያርፉ ድረስ ረመዳን በመጣ ቁጥር ብድሬ ትወርድ ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በሾፌርነት ጨረስኩ። ስንዴ፣ ሲሚንቶ፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ፣ ያላደረስኩት የለም። አሁን ልጆቼ በሥራህ የትኛው ያኮራሃል ሲሉኝ፣ ያ በሰው እርምጃ ልክ የነዳሁት መንገድ ነው የሚመጣልኝ። ያን ቀን ማንንም አላደረስኩም። ዘይነባ ራሷ ናት የደረሰችው። እኔ ስትደርስ አጠገቧ ነበርኩ።